የቱርቦ ናፍጣ መኪና የሞተር ዘይት አመራረጥና የሰርቪስ ጊዜ በኢትዮጵያ

የሞተር ዘይት በሞተር ውስጥ የሚፋተጉ ብረቶችን የሚያለሰልስ፣ ሙቀት የሚያጓጉዝ፣ ጥላሸትንና አሲድን በውስጡ ይዞ እስከሚቀየርበት ቀን ድረስ የሚያቆይ ፈሳሽ ነው። ቱርቦ በተገጠመለት የናፍጣ ሞተር ግን የቱርቦውን ዘንግ ሲሽከረከር ተሸክሞ የሚይዘውም እርሱ ስለሆነ፣ የዘይቱ ዓይነትና የሚቀየርበት ጊዜ በሌላ ሞተር ላይ ካላቸው የበለጠ ክብደት አላቸው። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ ኢትዮጵያ እንዳይገቡ ከተወሰነ ወዲህ ደግሞ፣ አገር ውስጥ ያሉትን የናፍጣ መኪኖች በጤና ማቆየት ለባለንብረቱ ከቀድሞው የላቀ ዋጋ አለው።

ቱርቦ በማርሚታ በኩል ሊባክን የነበረውን የጭስ ግፊት ተጠቅሞ ንጹሕ አየር ወደ ሞተሩ የሚያምቅ መሣሪያ ነው። ስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ቡሂ ሐሳቡን በ1905 እ.ኤ.አ. በፓተንት ያስመዘገበ ሲሆን፣ በብዛት ተመርቶ ለገበያ የቀረበው የመጀመሪያው ቱርቦ ናፍጣ የቤት አውቶሞቢል የ1978ቱ መርሰዲስ 300ኤስዲ ነው። የቱርቦው ዘንግ በደቂቃ ከ100,000 ዙር በላይ ይሽከረከራል፤ በትንንሾቹ ቱርቦዎች ላይ 200,000ን ያልፋል። ዘንጉን ከኩሽኔታው (ዘንጉ ከሚሽከረከርበት መያዣ) የሚለየው ውፍረቱ በሚሊ ሜትር መቶኛ የሚለካ የዘይት ንጣፍ ብቻ ነው። በአንደኛው ጫፍ በኩል ደግሞ በብዙ መቶ ዲግሪ የጋለ ጭስ ያልፋል። ዘይቱ ለጥቂት ሰከንድ ቢቋረጥ ወይም ዝቃጭ ቢይዝ ጉዳቱ ቀድሞ የሚታየው እዚህ ላይ ነው።

የኢትዮጵያ መልክዓ ምድር ይህን ሥራ ያከብደዋል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ በመሆኗ፣ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛውን ያህል ብቻ ነው፤ ስለዚህ ቱርቦው ለሞተሩ የሚበቃውን አየር ለማቅረብ ይበልጥ መፍጠን ይኖርበታል። ያው መኪና በዚያው ቀን ወደ አዋሽና ወደ አፋር ሲወርድ ሙቀቱ 40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚያልፍበት ሜዳ ላይ ይሮጣል፤ ከአስፋልቱ ሲወጣ ደግሞ አቧራ ይቀበለዋል።

በጀሪካኑ ላይ በጉልህ የተጻፈው ቁጥር፣ ለምሳሌ 15ደብሊው-40፣ የሚናገረው ስለ ዘይቱ ውፍረት እንጂ ስለ ጥራቱ አይደለም። ከደብሊው ጋር ያለው ቁጥር ዘይቱ በብርድ ጊዜ የሚኖረውን ባሕርይ ያመለክታል። 15ደብሊው ከዜሮ በታች በ20 ዲግሪ፣ 5ደብሊው ደግሞ ከዜሮ በታች በ30 ዲግሪ ሞተር የማስነሳት ፈተናን ያለፈ ነው። ሁለተኛው ቁጥር ዘይቱ 100 ዲግሪ ሲሞቅ የሚኖረው ውፍረት ነው፤ 30 የሚባለው ከ9.3 እስከ 12.5 ሴንቲስቶክ (የፈሳሽ ውፍረት መለኪያ)፣ 40 የሚባለው ከ12.5 እስከ 16.3 ሴንቲስቶክ ባለው ክልል ውስጥ ይወድቃል። የኅዳር ውርጭ እንኳ የ15ደብሊውን የብርድ ወሰን አይጠጋም። ሆኖም ቀጭኑ 5ደብሊው ጠዋት ሞተሩ ሲነሣ ወደ ቱርቦው ፈጥኖ ስለሚደርስ፣ ማኑዋሉ ሁለቱንም ሲፈቅድ በደጋ ለሚያድር መኪና እርሱን መምረጥ የተሻለ ነው። «ሞተሩ አርጅቷልና ወፍራም ይሁን» ብሎ ማኑዋሉ ከሚፈቅደው በላይ የወፈረ ዘይት መሙላት ግን ጭሱንና ድምፁን ለጊዜው ቢሸፍንም፣ ጠዋት ጠዋት ቱርቦውን ያለ ዘይት ያቆየዋል።

ጥራቱን የሚናገረው በትንሹ የተጻፈው ደረጃ ነው። በአሜሪካኑ የኤ ፒ አይ ምደባ በኤስ የሚጀምረው ለቤንዚን፣ በሲ የሚጀምረው ለናፍጣ ሞተር ነው። የናፍጣው ደረጃ በ1998 እ.ኤ.አ. ሲኤች-4፣ በ2002 ሲአይ-4፣ በ2006 ሲጄ-4፣ በ2016 ደግሞ ሲኬ-4 እየተባለ አድጓል። ሲኤፍ የሚለውን አሮጌ ደረጃ ብቻ የያዘ ርካሽ ዘይት ለዛሬው ኮመን ሬል (ናፍጣን በጋራ ቱቦ በከፍተኛ ግፊት ይዞ ለሲሊንደሮቹ የሚያድል) ሞተር አይመጥንም። የአውሮፓው የአሴአ ምደባ ለቀላል የናፍጣ መኪኖች ቢ4ን፣ ሲ3ንና መሰሎቻቸውን ይጠቀማል፤ የጃፓኑ ጃሶ ደግሞ ዲኤል-1 የሚባል ደረጃ አለው። የምርቱ ስም የሚታየው ከእነዚህ ሁሉ በኋላ ነው፤ ብዙ ሰው ግን ከስሙ ይጀምራል።

ዲፒኤፍ የሚባለው የጥላሸት ማጣሪያ በማርሚታው ላይ ካለ ምርጫው ይጠብባል። ማጣሪያው የያዘውን ጥላሸት በሙቀት ያቃጥለዋል፤ ከዘይቱ ኬሚካሎች የሚቀረው አመድ ግን ስለማይቃጠል ቀስ በቀስ ይደፍነዋል። እንደ ሲ3 እና ዲኤል-1 ያሉት አነስተኛ አመድ ያላቸው ዘይቶች የተዘጋጁት ለዚህ ነው፤ የሲ3 አመድ ከ0.8 በመቶ አይበልጥም። በሌላ በኩል በናፍጣው ውስጥ ያለው ሰልፈር አሲድ ስለሚፈጥርና እነዚህ ዘይቶች አሲድ የሚያከሽፍ ክምችታቸው አነስተኛ ስለሆነ፣ ነዳጁ ንጹሕ ባልሆነበት ቦታ ቶሎ መቀየር አለባቸው። ማጣሪያው ራሱን በሚያጸዳበት ጊዜ የሚረጨው ትርፍ ናፍጣ ደግሞ በሲሊንደሩ ግድግዳ ወርዶ ከዘይቱ ጋር ሊቀላቀል ይችላል። በመለኪያው ዘንግ ላይ የዘይቱ ልክ ከፍ እያለ መሄዱ እንግዲህ ዘይቱ እየቀጠነ መሆኑን የሚናገር የአደጋ ምልክት ነው።

የሰርቪስ ጊዜን በተመለከተ አብዛኞቹ ማኑዋሎች ሁለት ዓይነት አሠራር ይለያሉ። ለመደበኛ አሠራር 10,000 ወይም 15,000 ኪሎ ሜትር አለዚያም አንድ ዓመት ይላሉ፤ በአውሮፓ ልዩ ዘይት ተሞልቶላቸው እስከ 30,000 ኪሎ ሜትር የሚሄዱም አሉ። ለአስቸጋሪ አሠራር ግን ጊዜውን ያሳጥሩታል፤ ብዙ ጊዜም በግማሽ። አስቸጋሪ የሚሉት አቧራማ መንገድ፣ ተደጋጋሚ አጭር ጉዞ፣ ከባድ ጭነት፣ ሞተር አስነሥቶ ለረጅም ሰዓት መቆም ነው፤ ይህም የአገራችን የዕለት ተዕለት መንዳት ነው። ስለዚህ በጋራዦች የተለመደው 5,000 ኪሎ ሜትር ከልማድ ብቻ የመጣ አይደለም፤ መሠረት አለው። ኪሎ ሜትር ብቻውንም በቂ መለኪያ አይሆንም። በከተማ መጨናነቅ በአማካይ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ መኪና 5,000 ኪሎ ሜትር ሲሞላ ሞተሩ 250 ሰዓት ሠርቷል፤ በአገር አቋራጭ መንገድ በአማካይ 60 ለሚጓዘው ያው ርቀት 83 ሰዓት ገደማ ብቻ ነው። ኤርኮንዲሽን ለማሠራት በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ) ቆሞ የሚውል የመስክ መኪና የሚሠራው ሰዓት ደግሞ በቆጣሪው ላይ ጨርሶ አይመዘገብም። ጥቂት ለሚነዳ መኪናም ቢሆን ስድስት ወር፣ ቢበዛ አንድ ዓመት ማለፍ የለበትም።

የናፍጣ ዘይት በተቀየረ በጥቂት ቀን ውስጥ መጥቆሩ ብዙ ባለንብረቶችን ያስደነግጣል፤ ነገር ግን ጥላሸቱን በትኖ መያዙ ሥራውን መሥራቱን ያሳያል እንጂ መበላሸቱን አያመለክትም። የዘይት ፊልትሮው ከዘይቱ ጋር አብሮ ይቀየራል። ፊልትሮ ሲደፈን በውስጡ ያለው ባልቮላ ተከፍቶ ያልተጣራ ዘይት ያሳልፋልና፣ «ለአንድ ዙር ይቆይ» ማለት ቁጠባ አይሆንም። የአየር ፊልትሮውም እኩል ትኩረት ይሻል፤ በተቀደደ ፊልትሮ ወይም በላላ ጎማ ቱቦ የሚገባ አቧራ የቱርቦውን ክንፍ ይበላል፣ የፒስተኑን ፋሻም (ቀለበት) ይሞርዳል። ዘይት ከታመነ ሻጭ፣ ማሸጊያው ሳይከፈት መግዛት፣ ከተሞላ በኋላም ባዶውን ጀሪካን ቀድዶ መጣል ለአስመሳይ ዘይት በር ይዘጋል።

የአባይን በረሃ ከወንዙ ወደ ጎሃ ጽዮን ወይም ወደ ደጀን በወጣ መኪና ላይ ቱርቦው ግሎ ይደርሳል። ሞተሩ በዚያው ቅጽበት ቢጠፋ ዝውውሩ ይቆምና በኩሽኔታው ቤት የቀረው ዘይት ተቃጥሎ ወደ ከሰል ይለወጣል፤ አንድ ሁለት ደቂቃ በሚኒሞ ማሠራት ይህን ያስቀራል። ጠዋትም ሞተሩ እንደተነሣ ነዳጅ አለመርገጥ ዘይቱ እስኪደርስ ጊዜ ይሰጠዋል።

ቱርቦ ሲሞት ብዙ ጊዜ የሚለወጠው ቱርቦው ብቻ ነው፤ የሞተበት ምክንያት ሳይነካ ይቀራል። በአንዳንድ ኮመን ሬል ሞተሮች የኖዝሉ (የናፍጣ መርጫው) የመዳብ ሮንዴላ (ማሸጊያ ቀለበት) ሲያረጅ የተቃጠለ ጋዝ ወደ ዘይቱ ይገባና ከሰል ይፈጥራል፤ ከሰሉም በኮፓው (ከሞተሩ ሥር ባለው የዘይት ገንዳ) ውስጥ ያለውን የዘይት ፓምፕ መሳቢያ ወንፊት ይደፍናል። አዲሱ ቱርቦ ከመታሰሩ በፊት ኮፓው ወርዶ ወንፊቱ ካልታየ፣ የዘይት ማስገቢያ ቱቦው ካልጸዳ ወይም ካልተለወጠ፣ ሮንዴላዎቹም ካልተቀየሩ ሁለተኛው ቱርቦ በዚያው ምክንያት ይሞታል። ይህ ሁሉ ከተሠራ በኋላ፣ ሞተሩ ከመነሣቱ አስቀድሞ በቱርቦው የዘይት መግቢያ ንጹሕ ዘይት ይንጠባጠብበታል።