ላሜራ «መሰብሰብ» ምንድን ነው?

የመኪናው በር ላይ በአውራ ጣት ጫን ስትሉት «ጧ» ብሎ ወደ ውስጥ ይገባል። ስትለቁት «ጧ» ብሎ ይመለሳል። በልጅነቱ በወተት ዱቄት ጣሳ ክዳን የተጫወተ ሰው ድምፁን ያውቀዋል። መኪና ላይ ሲሆን ግን ጨዋታ አይደለም፤ ብዙውን ጊዜ ላሜራው ተለጥጧል ማለት ነው።

እኔ ይሄን የተማርኩት በገንዘቤ ነው። ያረጀ ኮሮላ አለን። የኋላ በሩን ባጃጅ ገጨውና አንድ ጋራዥ ወሰድኩት። ልጆቹ ግማሽ ቀን ሙሉ ቀጠቀጡት። ጎድጓዳው ወጣ፣ በቦታው ግን ጉብታ መጣ። ጉብታውን ሲመቱት በጎን በኩል ብቅ አለ። ያንን ሲመቱት ደግሞ ከታች። ሲሰለቻቸው ስቱኮ (ሲደርቅ የሚጠነክር የጉድጓድ መድፈኛ) ለቀለቁበት፣ በብርጭቆ ወረቀት አሹት፣ ቀለም ነፉበት፣ አምሮ ወጣ። እኔም ከፍዬ ደስ ብሎኝ ሄድኩ። ስድስት ወር ሳይሞላው ስቱኮው ተሰነጠቀ።

ሌላ ቦታ ዕድሜያቸውን ሙሉ በባቲላሜራ፣ ማለትም በመኪና ላሜራ ጥገና ሙያ፣ የኖሩ አንድ ጋሼ ጋር ወሰድኩት። ስቱኮውን ፋቅ ፋቅ አደረጉና በአውራ ጣታቸው ጫኑት። «ጧ» ሲል ፈገግ አሉ። «ይሄ እኮ አልጎደለም ልጄ፣ በዝቷል» አሉኝ።

መጀመሪያ አልገባኝም። የተገጨ ላሜራ እንዴት ይበዛል?

እንዲህ ነው። የመኪና የውጭ ላሜራ ስስ ነው፤ በአሁኖቹ መኪናዎች ከ0.7 እስከ 0.8 ሚሊሜትር አካባቢ፣ በድሮዎቹ ትንሽ ወፈር ይላል። አንድ ነገር በኃይል ሲገጨው ብረቱ ይሳባል። ሊጥ ስትዳምጡት እየሰፋና እየሳሳ እንደሚሄደው ማለት ነው፤ ብረቱ ያው ብረት ነው፣ አልጨመረም፣ ውፍረቱን ሰጥቶ ስፋት ገዛ እንጂ። 0.8 የነበረው ቦታ 0.76 ከሆነ የዚያ ቦታ ስፋት 5 በመቶ ገደማ አድጓል። ዙሪያው ያለው ላሜራ ግን አላደገም፤ እንደ ድሮው ጥርቅም አድርጎ ይዞታል። ታዲያ ይሄ ትርፍ ወዴት ይሂድ? ወይ ወደ ውጭ ይጎብጣል፣ ወይ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል። ሁለቱም ስለሚመቹት በጣት ስትነኩት ከአንዱ ወደ አንዱ ይዘላል። «ጧ» የሚለው እሱ ነው።

አሁን ደግሞ መዶሻው ምን እንደሚሠራ እዩ። ከጀርባ ዶሊ፣ ማለትም በእጅ የሚያዝ ድጋፍ ብረት፣ ተይዞ ከፊት በመዶሻ ሲመታ ላሜራው በሁለት ብረት መሐል ይጨፈለቃል። የተጨፈለቀ ብረት ይሳሳል፣ የሳሳ ብረት ይሰፋል። ጉብታውን ለማጥፋት በመታችሁት ቁጥር ትርፉ ላይ ትርፍ እየጨመራችሁ ነው። የኔ በር ላይ ጉብታው ከቦታ ቦታ ሲሸሽ የነበረው ለዚህ ነው። (ባቲላሜራ የጣሊያንኛ ቃል ነው፤ «ባቴሬ» መምታት፣ «ላሜራ» ያው ላሜራ። ላሜራ መቺ እንደማለት። የሙያው ስም ራሱ በሽታውን ይዞ መዞሩ ያስቀኛል።) በዶሊው ላይ ሳይሆን ከዶሊው ጎን መምታት ሌላ ነገር ነው፤ ያ ብዙ አይለጥጥም፣ ከፍ ያለውን ዝቅ፣ ዝቅ ያለውን ከፍ ያደርጋል። ጎበዝ ባለሙያ ሁለቱን ለይቶ ያውቃል። የኔዎቹ ልጆች አያውቁም ነበር።

ላሜራ መሰብሰብ ማለት እንግዲህ ይሄን ትርፍ ስፋት መልሶ መቀነስ ነው። የሳሳው መልሶ እንዲወፍር፣ የሰፋው እንዲጠብ ማድረግ።

ትርፉ ምን ያህል ነው ብላችሁ ብትጠይቁ መልሱ የሚገርም ነው። 30 ሴንቲሜትር ርዝመት ያለው፣ ዳርና ዳሩ የተያዘ ላሜራ ውስጥ 1 ሚሊሜትር ብቻ ትርፍ ብታስገቡበት፣ መሐሉ 1 ሴንቲሜትር ያህል ይጎብጣል። የ1 ሚሊሜትር አንድ አስረኛ እንኳ፣ የወረቀት ውፍረት ማለት ነው፣ ከ3 ሚሊሜትር በላይ ጉብታ ያወጣል። ከሩቅ የሚታየውን ጉብታ የሚፈጥረው ዓይን ውስጥ የማይገባ ትንሽ ትርፍ ነው። ስለዚህ የሚሰበሰበውም በጣም ትንሽ ነው፤ ችግሩ ያንን ትንሽ የሚያወጣ መዶሻ አለመኖሩ ነው።

የሚያወጣው እሳት ነው። እዚህ ላይ ሰው ግራ ይጋባል፣ እኔም ተጋብቻለሁ። ጠዋት ፀሐይ ሲመታው ቆርቆሮ ጣራ ቋ ቋ የሚለው ስለሚለጠጥ አይደል? ሙቀት ብረትን ያሰፋል ተብለን አይደል የተማርነው? ታዲያ የሰፋን ብረት በእሳት እንዴት ያጠቡታል?

ምስጢሩ አንድ ትንሽ ነጥብ ብቻ ማጋል ላይ ነው። ሙሉ ላሜራው ቢሞቅ ሙሉው ይሰፋል፣ ሙሉው ይመለሳል፣ ምንም አልሠራችሁም። የሸሚዝ ቁልፍ የምታህል ነጥብ ብቻ እንደ ከሰል ፍም ስትቀላ ግን፣ ያቺ ነጥብ መስፋት ትፈልጋለች፣ ዙሪያዋን የከበበው ቀዝቃዛ ብረት ደግሞ አልነቃነቅም ይላታል። የኋላ ወንበር ላይ አራተኛ ሆኖ ሚኒባስ ውስጥ የተጨመረ ሰው ክንዱን ሊዘረጋ ቢሞክር ማለት ነው። በዚያ ላይ የጋለች ስለሆነች ለስልሳለች፤ የሚሸነፈው የለሰለሰው ነው። ወደ ጎን መሄጃ ስታጣ ወደ ላይና ወደ ታች ትወፍራለች። ከዚያ ስትቀዘቅዝ በሁሉም አቅጣጫ ትኮማተራለች፤ አሁን ግን ስፋቷ ከመጀመሪያው ያነሰ ነው፣ ምክንያቱም ከፊሉን ወደ ውፍረት ቀይራዋለች። ስትኮማተር ዙሪያዋን ሁሉ ወደ ራሷ ትጎትታለች። ትርፉ ተሰበሰበ።

በቁጥር ስታዩት ደግሞ ይገጥማል። 10 ሚሊሜትር ስፋት ያላት ነጥብ በ700 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ብትግል፣ ነፃ ብትሆን ልትሰፋ የምትችለው 0.1 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ሁሉም ባይሰበሰብ እንኳ፣ ከላይ እንዳልኳችሁ ያቺ 0.1 የ3 ሚሊሜትር ጉብታ ናት። አንዲት ቁልፍ የምታህል ነጥብ የምታደርገውን አያችሁ?

ጋሼ በሩን ሲሠሩት አጠገባቸው ቆሜ ነበር። መጀመሪያ የበሩን ውስጥ ሽፋን አወለቁ፣ ሽቦዎቹን ገለል አደረጉ፣ ባትሪውን ፈቱ፣ አንድ ባልዲ ውኃና ጨርቅ አጠገባቸው አስቀመጡ። ቀለሙን እስከ ባዶ ብረት ፋቁት። ከዚያ መዳፋቸውን ዘርግተው በሩ ላይ ወዲያና ወዲህ አስኬዱት። ዓይናቸውን ጨፍነው ነው፣ ቀልዴን አይደለም። ጉብታው ጫፍ ላይ በጠመኔ ነጥብ አደረጉ።

የኦክሲጅኑን፣ ማለትም የጋዝ ብየዳውን፣ እሳት በትንሹ፣ ሹል አድርገው አስተካከሉና ነጥቧ ላይ አነጣጠሩ። ሁለት፣ ሦስት ሰከንድ። ብረቱ መጀመሪያ ሰማያዊ መሰለ፣ ቀጥሎ ጠቆረ፣ ከዚያ ቀላ። ቀይ ስትሆን ነጥቧ እብጥ ብላ ወጣች። እሳቱን አነሱ። በዙሪያዋ ቶሎ ቶሎ፣ በስሱ፣ በመዶሻ ኮርኮር ኮርኮር አደረጉ፤ የመጨረሻዋን ምት እጫፏ ላይ። ከጀርባ ዶሊውን የያዙት ለድጋፍ ያህል ነው፣ አልጨፈለቁትም። ከዚያ እርጥብ ጨርቅ፦ ጭስስ! በዓይኔ ፊት በሩ ተንቀሳቀሰ። ጉብታው ማንም ሳይነካው ወደ ቦታው ሲገባ አየሁ።

ያቺን ጨርቅ በተመለከተ ባለሙያዎች ይከራከራሉ። ብረቱን ታጠነክረዋለች የሚሉ አሉ። የድሮ መኪና የውጭ ላሜራ ካርቦኑ በጣም ጥቂት ስለሆነ እንደ ቢላ ብረት አይጠነክርም፤ የጨርቋ ዋና ጥቅም ሙቀቱ ዙሪያውን ሳያዳርስ እዚያው እንዲቆም ማድረግ ነው። ጋሼ ሁሌም ይጠቀማሉ፤ እኔም ከእሳቸው ጋር ነኝ።

ሲሰበሰብ ልክ አለው። ከበዛ ላሜራው በሌላ መልኩ ይበላሻል፤ ዙሪያው ተጎትቶ ማዕበል ይሠራል። ጥሩነቱ መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ በዶሊው ላይ ትንሽ መታ መታ ማድረግና መልሶ መለጠጥ። አንድ ነጥብ አግሎ፣ አቀዝቅዞ፣ ዳስሶ፣ ከዚያ ሌላ ነጥብ። ቸኩሎ አምስት ስድስት ነጥብ በአንዴ የሚያግል ሰው ካያችሁ መኪናችሁን ይዛችሁ ውጡ።

አንድ ከባድ ማሳሰቢያ አለ። «ጧ» ያለ ሁሉ የተለጠጠ አይደለም። አንዳንዴ ጉብታው አጠገብ ያልተፈታ እጥፋት ይኖራል፤ እጥፋቱ ላሜራውን ወደ ራሱ ስቦ ጎረቤቱን ያላላዋል። እጥፋቱ ከተፈታ ጉብታው በራሱ ይጠፋል። ይሄን ሳያይ ቀጥታ እሳት የሚያነሳ ሰው ጤነኛውን ብረት ሰብስቦ አንዱን ችግር ሁለት ያደርገዋል። ስለዚህ እጥፋቱ ይቀድማል፣ እሳት የመጨረሻ ነው።

ያው ሥራ በሌላ መሣሪያም ይሠራል። ከነጥብ ብየዳ ማሽኑ ጋር የሚገጠም የካርቦን ዘንግ አለ፤ ከዳር ወደ መሐል እየተጠቀለለ ይነካካል፣ ሙቀቱ በኤሌክትሪክ ነው፣ ነበልባል የለውም፣ ለስስ ላሜራ ከኦክሲጅን ይሻላል። እኔ ያስደነቀኝ ግን ግራይንደር ላይ የሚገጠመው ለስላሳ ዲስክ ነው። ጥርስ የለውም፣ አይበላም፤ ልሙጥ የማይዝግ ብረት ነው። ላሜራው ላይ እየተሽከረከረ ሲሄድ የሚነካው ከፍ ያለውን ቦታ ብቻ ነው፣ ስለዚህ በሰበቃ የሚሞቀውም እሱ ብቻ ነው። ከዚያ እርጥብ ጨርቅ፣ እንደገና ዲስክ፣ እንደገና ጨርቅ። ጉብታውን እናንተ አትፈልጉትም፣ ዲስኩ ራሱ ያገኘዋል። ፊቱ እንደ ብረት ሞረድ ጥርስ ያለው የመሰብሰቢያ መዶሻም ይሸጣል፣ በሱ እንኳ ብዙ አላመንኩበትም፤ ከሚሰበስበው ጠባሳው ይበዛል።

ማወቅ ያለባችሁ ሌላ ነገር፣ ብየዳ ራሱ ሰብሳቢ ነው። የበሰበሰ ፓራፋንጎ (ከጎማው በላይ ያለው ላሜራ) ተቆርጦ ቁራጭ ሲበየድበት፣ የብየዳው መስመር ሲቀዘቅዝ ይኮማተርና ዳርና ዳሩን ይስባል። ብዙ ሰው «ብየዳው አጣመመው» የሚለው ይሄንኑ ነው። እዚያ ላይ እሳት መጨመር ማባባስ ነው፤ የሚያስፈልገው መስመሩን በዶሊ ላይ መትቶ መለጠጥ ነው። በሽታውና መድኃኒቱ ቦታ ተለዋወጡ ማለት ነው።

እሳት የማይነካቸውም አሉ። አልሙኒየም በ660 ዲግሪ ይቀልጣል፣ ከመቅለጡ በፊት ደግሞ አይቀላም፤ ቀይ እስኪሆን ስትጠብቁ ኮፈኑ ይቀዳል። ማግኔት ካልያዘው እሳቱን አስቀምጡ። የአዳዲስ መኪናዎች የበር ምሰሶና አንዳንድ አጥንቶች ከፍተኛ ጥንካሬ ካለው ብረት ስለሚሠሩ ከጋሉ ጥንካሬያቸውን ያጣሉ፤ እነሱ ደግሞ አደጋ ሲደርስ ሰውን የሚያድኑ ናቸው። ዚንክ የተቀባ ላሜራ ሲጋል ጭሱ ያሳምማል፣ አየር ያለበት ቦታ ይሁን። እና እሳቱ የነካው ላሜራ ጀርባው ላይ የነበረው ጸረ ዝገት ተቃጥሏል፤ መልሶ ካልተቀባ በሚቀጥለው ክረምት ከውስጥ መዛግ ይጀምራል። አብዛኛው ሰው የሚረሳት ይቺን ነው።

ያገለገለ መኪና የምትገዙ ከሆነ የፍሪጅ ማግኔት በስስ ጨርቅ ጠቅልላችሁ በሮቹንና ፓራፋንጎዎቹን ዳስሱ። ጠበቅ አድርጎ ይዞ ሲሄድ ሲሄድ በድንገት ከላላ፣ ከሥሩ ወፍራም ስቱኮ አለ። ከዚያ በአውራ ጣት ጫን በሉት። ስቱኮ የሚደፍነው ጉድጓድ ነው፣ የተለጠጠ ላሜራ ላይ ከተደፈነ ከታች ያለው እየዘለለ ይሰነጥቀዋል። የኔን በር የሰነጠቀውም ይኸው ነው።

ጋሼ የኔን በር በአምስት ነጥብ ጨረሱት። ሲቀዘቅዝ በጣታቸው አንኳኩበት። ድሮ እንደ ባዶ ጣሳ ይጮህ የነበረው አሁን «ዱብ» አለ። በአውራ ጣቴ ጫንኩት፣ ንቅንቅ አላለም። ስቱኮ ጭራሽ አልነካውም ብዬ አልዋሻችሁም፤ ለጭረቱ በስሱ ለብሷል። ማግኔቷ ግን እሱ ላይ ስትደርስም አትለቅም።