ቻቱራንጋ፦ ሁለት ጓደኛሞች፣ ሁለት መበለቶች

ቻቱራንጋ ራቢንድራናት ታጎር በቤንጋልኛ የጻፈው አጭር ልብ ወለድ ነው። መጀመሪያ በመጽሔት በተከታታይ ወጣ፤ በ1916 እ.ኤ.አ. ደግሞ መጽሐፍ ሆነ። ታጎር ኖቤል ከተሸለመ ገና ሦስት ዓመቱ ነበር።

ርዕሱ በሳንስክሪት «ባለ አራት ክፍል» ማለት ነው። ዝሆን፣ ሠረገላ፣ ፈረሰኛና እግረኛ ያለው ጦር በዚህ ስም ይጠራ ነበር። ኋላ የጨዋታ ስም ሆነ። ያው ቃል በፋርስና በዓረብ በኩል ዞሮ እኛ ጋ ሲደርስ «ሰንጠረዥ» ተባለ። መጽሐፉም አራት ክፍል አለው፦ አጎት፣ ሳቺሽ፣ ዳሚኒ፣ ሽሪቢላሽ።

ተራኪው ሽሪቢላሽ ነው። የኮሌጅ ጓደኛው ሳቺሽ በሄደበት ሁሉ ይከተላል። ሳቺሽን ያሳደገው አጎቱ ጃግሞሃን ፈጣሪ የለም ባይ ነው፤ ለድሃ ግን ከብዙ አማኝ ይበልጥ ይራራል። ወረርሽኝ ሲገባ ቤቱን ለበሽተኞች ከፍቶ እሱም በዚያው ይሞታል። ከዚያ ሳቺሽ ግልብጥ ይላል። ትናንት ሃይማኖትን ሲሞግት የነበረው ልጅ ሊላናንዳ የሚባል መምህር እግር ሥር ወድቆ ሲዘምር ይገኛል።

የሂንዱ መበለት እንደገና እንድታገባ ሕግ የፈቀደው በ1856 እ.ኤ.አ. ነው። ልማዱ ግን አልተበገረም። ናኒባላ የምትባል ወጣት መበለትን የሳቺሽ ወንድም አስረግዞ ይጥላታል። ሳቺሽ ሊያገባት ይነሳል። ዓላማው ቅዱስ ነው፤ እሷ ግን የበደላትን ሰው መርሳት አቅቷት ራሷን ታጠፋለች።

የመጽሐፉ ነፍስ በእኔ ግምት ዳሚኒ ናት። ስሟ «መብረቅ» ማለት ነው። ባሏ ሲሞት ቤቱንም ንብረቱንም እሷንም ለዚያው መምህር ለሊላናንዳ ተናዞ ሄደ። እንደ ዕቃ! ባሏ በሕይወት እያለም የወላጆቿ ቤት ተርቦ እሷ ለመምህሩ ተከታዮች ስትቀቅል ትውል ነበር። ንዴቷን የምትወጣው በማጀት ነው፦ ሆን ብላ ወጡን ያለ ጨው ትተዋለች፣ ወተቱን ታሳርራለች።

ሳቺሽን ትወደዋለች። አንድ ሌሊት ዋሻ ውስጥ ተኝቶ ሳለ እግሩን የሆነ ለስላሳ ነገር ይነካዋል። አውሬ መስሎት በጨለማ ይራገጣል። ደረቷን ነበር የመታው።

በመጨረሻ ያገባት ያ ዝም ብሎ ተከታዩ ሽሪቢላሽ ነው። ያ የደረት ሕመም ግን አልለቀቃትም። ስትሞት እግሩን ነክታ ገና እንዳልጠገበችው፣ በሚቀጥለው ሕይወቷም እሱን እንድታገኝ እንደምትመኝ ነገረችው።