እንግሊዞች ፍርደኞቻቸውን ወደ አውስትራሊያ ያጋዙበት ቅጣት ምን ነበር?

ግዞት በእንግሊዝ ሕግ ራሱን የቻለ ቅጣት ነበር። ዳኛው 7 ዓመት፣ 14 ዓመት ወይም ዕድሜ ልክ ይፈርዳል። ፍርደኛው ባሕር ማዶ ተልኮ፣ እዚያ እየሠራ ይጨርሰዋል። መሀረብ የሰረቀም፣ በግ የነዳም በአንድ መርከብ ይጫናል። የሞት ፍርዱ በምሕረት ወደ ግዞት የተለወጠለትም ብዙ ነው።

መጀመሪያ የሚላኩት አሜሪካ ነበር። ከ1718 ጀምሮ (ዓመታቱ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) 50,000 ያህል ሰው ወደዚያ ሄዷል። አሜሪካኖች ሲያምፁ በሩ ተዘጋ። ፍርድ ቤቶቹ ግን መፍረዳቸውን አላቆሙም። መንግሥት ቢቸግረው ያረጁ መርከቦችን ቴምዝ ወንዝ ላይ አቁሞ እስር ቤት አደረጋቸው። ለጊዜው ነው የተባለው ነገር 80 ዓመት ገደማ ቆየ።

በሜይ 1787 በካፒቴን አርተር ፊሊፕ የሚመሩ 11 መርከቦች ከ700 በላይ ፍርደኞች ጭነው ከፖርትስመዝ ተነሡ። በሪዮ ዴ ጄኔሮና በኬፕታውን አድርገው ከ8 ወር በኋላ ቦታኒ ቤይ ደረሱ። ቦታው አልተስማማቸውም። ወደ ሰሜን ፈቀቅ ብለው ጃንዋሪ 26 ቀን 1788 ዛሬ ሲድኒ ያለችበት ሰፈሩ። አገሩ ግን ባለቤት ነበረው። ያ ቀን አሁን ብሔራዊ በዓል ነው፤ ብዙ የአገሩ ነባር ሰዎች ደግሞ «የወረራ ቀን» ይሉታል።

የ1790ው ሁለተኛ ጉዞ የከፋው ነው። መንግሥት ሥራውን ባሪያ ሲያጓጉዝ ለኖረ ኩባንያ በኮንትራት ሰጠ። ክፍያው በነፍስ ወከፍ 17 ፓውንድ ገደማ ነበር፤ የሚታሰበው ግን እንግሊዝ ላይ በተጫነው ሰው ልክ ነው። ሲድኒ ላይ በሕይወት ስንት እንደወረደ የሚጠይቅ የለም። እንግዲህ አንድ ሰው ሞተ ማለት ቀለቡ ተረፈ ማለት ነው። ከተሳፈሩት 1,000 ገደማ ፍርደኞች ሩብ ያህሉ መንገድ ላይ አለቁ። ከደረሱትም ብዙዎቹ መቆም አቅቷቸው በሸክም ወረዱ። በኋላ ለደህና ለደረሰ ሰው ጉርሻ ሲከፈልና ከ1815 ጀምሮ በየመርከቡ ኃላፊ ሐኪም ሲመደብ ሞቱ በጣም ቀነሰ። ነገሩን ያስተካከለው ርኅራኄ ሳይሆን ውል መሆኑ ይገርመኛል።

እዚያ ሲደርሱስ? ብዙዎቻችን የምናስበው ሰንሰለትና ወህኒ ነው። አብዛኛው ፍርደኛ ግን ለመንግሥት ወይም ለግል ገበሬ ተመድቦ፣ ለቀለብና ለልብስ ይሠራል። ጌታው ደህና ሰው ከሆነ ዕድለኛ ነው። ክፉ ከገጠመው ዳኛ ፊት እያቀረበ ያስገርፈዋል። ጠባዩን ያሳመረ «ቲኬት ኦፍ ሊቭ» የሚባል ወረቀት ያገኛል። በሱ ለራሱ ሠርቶ ማደር ይችላል፤ ከወረዳው ግን ያለ ፈቃድ አይወጣም፣ ቀርቦም ይቆጠራል። ካጠፋ ወረቀቱን ይነጠቃል። ፍርዱን የጨረሰ ሰው ነፃ ነው፣ የመመለሻውን ግን ማንም አይከፍልለትም። ጉዞው ደርሶ መልስ አልነበረም። አብዛኛው እዚያው የቀረውም ለዚህ ነው።

ከቀሩት የተሳካላቸው አሉ። ሜሪ ሪቢ በ13 ዓመቷ በፈረስ ስርቆት የተፈረደባት ልጅ ነበረች። በኋላ መርከብ ያላት ትልቅ ነጋዴ ሆነች፤ ዛሬ የአውስትራሊያ 20 ዶላር ላይ ምስሏ አለ። አርክቴክቱ ፍራንሲስ ግሪንዌይ ደግሞ ሰነድ አስመስሎ ሠርቶ ነው የተጋዘው። ሲድኒ ላይ ስመ ጥር ሕንፃዎችን ሠራ፣ በ1966 የወጣው 10 ዶላር ላይም ምስሉ ታተመ። ፎርጅድ የሠራ ሰው፣ ብር ላይ!

በ80 ዓመት ከ160,000 በላይ ሰው ተጋዘ። ነፃ ሰፋሪዎች እየበዙ ሲቃወሙ ሲድኒ ወዳለችበት ወደ ኒው ሳውዝ ዌልስ የሚደረገው በ1840፣ ወደ ታዝማኒያ የሚደረገው በ1853 ቆመ። ሠራተኛ ያጠረው ምዕራብ አውስትራሊያ ግን ራሱ «ላኩልን» ብሎ ከ1850 ጀምሮ ይቀበል ነበር። የመጨረሻዋ መርከብ ሁጉሞንት በጃንዋሪ 1868 ፍሪማንትል ደረሰች። ከጫነቻቸው መሀል 62 የአየርላንድ ዓማፅያን ነበሩ። ስድስቱ በ1876 ሊያስመልጣቸው በመጣ የአሜሪካ ዓሣ ነባሪ አዳኝ መርከብ፣ በካታልፓ፣ አመለጡ።