ኦዲዮ አናላይዘር የሚለው ሌላ፣ ሰው የሚሰማው ሌላ

የአምፕሊፋየር ግምገማ ሲወጣ የቁጥር መዓት አብሮት ይወጣል። ቁጥሮቹ የኦዲዮ አናላይዘር ውጤት ናቸው። አናላይዘሩ ንጹሕ ድምፅ፣ አብዛኛውን ጊዜ 1 ኪሎኸርዝ፣ ወደ ዕቃው ያስገባል። ከዚያ የወጣውን ተቀብሎ ምን እንደተጨመረበት ያያል። ሥራው ይኸው ነው። ችግሩ ያለው አነባበቡ ላይ ነው። በጥቅስ ያስቀመጥኳቸው ብዙ ጊዜ የሚባሉ ነገሮች ናቸው፤ ከየሥራቸው መልሴ አለ።

«ዲስቶርሽኑ 0.0001 ከመቶ የሆነው፣ 0.001 ከሆነው አሥር እጥፍ ይሻላል።»

ወረቀት ላይ አዎ። ዲስቶርሽን ማለት ዕቃው በድምፁ ላይ የሚጨምረው መዛባት ነው። 0.001 ከመቶ ማለት ግን የተጨመረው ቆሻሻ ከዋናው ድምፅ 100 ዲሲቤል ዝቅ ብሏል ማለት ነው። ስፒከሩ ራሱ ከዚህ በብዙ እጥፍ ያዛባል። በዚህ መከራከር ለእኔ ጊዜ ማባከን ነው። ይልቅ መጠየቅ ያለበት «በስንት ዋት? በስንት ኦም (የስፒከሩ ጭነት)?» ተብሎ ነው። ድምፁ ሲቀንስ ኖይዙ (የዕቃው ሹሹታ) ባለበት ስለሚቆይ ከመቶ ያለው ድርሻ ያድጋል። አምፑ አቅሙ ሲያልቅ ደግሞ ዲስቶርሽኑ በአንዴ ይተኮሳል። ሻጭ የሚነግርህ በመሃል ያለችውን ምርጧን ነጥብ ነው።

«ግራፉ ላይ ኖይዙ −140 ላይ ነው፤ ስለዚህ ዕቃው የ140 ዲሲቤል ጥራት አለው።»

ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ጋ ነው። ኤፍኤፍቲ የሚባለው፣ ድምፁን በፍሪኩዌንሲ ከፋፍሎ የሚያሳይ ግራፍ ኖይዙን በቀጫጭን ክፍሎች ይበታትነዋል። 32,768 ናሙና (በየቅጽበቱ የተለካ የድምፅ ነጥብ) ከተወሰደ 16,384 ያህል ክፍሎች ይኖራሉ። አንዱ ክፍል የሚደርሰው ድርሻ ከጠቅላላው ኖይዝ 42 ዲሲቤል ገደማ ያነሰ ነው። ስለዚህ መስመሩ −140 ላይ ቢተኛም፣ ሁሉም ሲደመር ወደ −98 ይመጣል። ይህ ባለ 16 ቢት ድምፅ በቲዎሪ የሚደርስበት ጣሪያ ነው እንጂ ተአምር አይደለም። ናሙናውን እጥፍ ብታደርገው መስመሩ በ3 ዲሲቤል ይወርዳል። ዕቃው ግን ያው ዕቃ ነው! የናሙናው ብዛት ያልተጻፈበት ግራፍ ሲለጠፍ አይቼ አልፈዋለሁ።

«200 ዋት ከ100 ዋት እጥፍ ይጮሃል።»

በ3 ዲሲቤል ብቻ ነው የሚበልጠው። ለጆሮ እጥፍ እንዲመስል ወደ አሥር እጥፍ ዋት ይፈልጋል። ካርቶን ላይ የሚጻፈውን ፒኤምፒኦ የሚባል የተጋነነ ዋትማ ተወው።

«ከ20 ኸርዝ እስከ 20 ኪሎኸርዝ ይሠራል።»

በስንት ዲሲቤል መዋዠቅ? ይህ ካልተጻፈ ምንም አልተባለም።

«የአናላይዘሩን ግራውንድ ከስፒከሩ ማይነስ ጋር ማሰር ነው፤ አለቀ።»

በድሮው አምፕ ብዙ ጊዜ ይሠራል። ብዙዎቹ የክላስ ዲ አምፖች ግን ብሪጅ ናቸው፤ ፕላሱም ማይነሱም ሲግናል ይዘዋል፣ ሁለቱም ቮልቴጅ አላቸው። ግራውንዱን ማይነሱ ላይ ስትሰካ አጭር ዙር ፈጠርክ ማለት ነው። ዕድለኛ ከሆንክ አምፑ ራሱን ያጠፋል፣ ካልሆንክ ይቃጠላል። ባላንስድ ግቤት፣ ማለትም በሁለቱ ገመዶች መካከል ያለውን ልዩነት የሚለካውን፣ ተጠቀም። እሱም ብቻውን አይበቃም። ክላስ ዲ በመቶ ሺዎች በሚቆጠር ኸርዝ እየበራና እየጠፋ ነው የሚሠራው፤ ትርፍራፊው ከሙዚቃው ጋር አብሮ ይወጣል። ጆሮ አይሰማውም፣ አናላይዘሩን ግን ያደናብረዋል። ከ20 ኪሎኸርዝ በላይ ያለውን የሚቆርጥ ፊልተር ከግቤቱ በፊት መግባት አለበት።

«ውድ መሣሪያ የሌለው ሰው መለካት አይችልም።»

ይችላል። ጥሩ ሳውንድ ካርድና ነፃ ሶፍትዌር ብዙ ያስኬዳሉ። መጀመሪያ የካርዱን ውፅዓት ከራሱ ግቤት ጋር አገናኝተህ ለካ፤ ከዚያ የተሻለ ዕቃ በእሱ መለካት አትችልም። ቮልቴጁንም አስላ። 50 ዋት በ8 ኦም ላይ 20 ቮልት ነው፤ የተለመደ ካርድ የሚችለው ግን ጥቂት ቮልት ነው። ቀጥታ ከሰካኸው ካርዱ ይሞታል። በሁለት ሬዚስተር አሳንሰህ አስገባ።