«በቋንቋችን ካልተማርን በሉ»፦ የአንድ የዌልስ አባባል ትርጉምና ምንጭ

በብሪታንያ ደሴት የምትገኘው የዌልስ አገር ሰዎች ስለ ቋንቋቸው ታሪክ ሲጽፉ ብዙ ጊዜ የሚጠቅሱት «ምኑኽ ዚስግ እን አይኽ ያይስ» የሚል አጭር አባባል አላቸው። ቃል በቃል ቢመለስ «ትምህርትን በቋንቋችሁ ፈልጉ» ይሆናል። ይሁን እንጂ የመጀመሪያው ግሥ ከመፈለግ የበረታ፣ ቢከለክሉትም የማይመለስ ፈቃድን የሚገልጽ በመሆኑ በእኛ አነጋገር «በቋንቋችን ካልተማርን በሉ» ብንለው ወደ ስሜቱ ይበልጥ እንቀርባለን።

እንደ አብዛኞቹ ተረትና ምሳሌዎች ተናጋሪው የጠፋበት አባባል አይደለም። የጻፈው ዊልያም ሳልስበሪ የተባለ፣ በኦክስፎርድ የተማረ የሰሜን ዌልስ ሰው ሲሆን፣ ቃሉ የሚገኘው እ.ኤ.አ. በ1547 ለንደን ላይ ባሳተመው የዌልስኛ ምሳሌያዊ አነጋገሮች ስብስብ መቅድም ውስጥ ነው። የመጽሐፉ ስም «የዌልሳዊ ጭንቅላት ማስተዋል ሁሉ በአንድነት» እንደማለት ነው። ምሳሌዎቹን የሰበሰባቸው ግሪፊዝ ሂራይቶግ የተባለው ባለቅኔ ነበር፤ ሳልስበሪ ከእርሱ ቀድቶ ለማተሚያ ቤት አበቃቸው። ይህን ሲያደርግ የተከተለው የሆላንዱን ሊቅ የኤራስመስን ፈለግ ነው። ኤራስመስ በ1508 ቬኒስ ላይ ከሦስት ሺህ በላይ የግሪክና የላቲን ምሳሌዎችን ከነማብራሪያቸው አሳትሞ ስለነበር፣ በመላው አውሮፓ የነበሩ ሂዩማኒስቶች፣ ማለትም የጥንት ግሪክንና ሮማን ጽሑፎች የሚያጠኑ ሊቃውንት፣ ምሳሌያዊ አነጋገርን የጥንት ጥበብ ማስቀመጫ አድርገው ይመለከቱት ነበር።

የአባባሉ ሙሉ ዐረፍተ ነገር ሲነበብ ደግሞ ትርጉሙ ይሰፋል። «እንደ ሰው ለማስተዋል ካልተፈጠሩት እንስሳት የባሳችሁ ለመሆን ካልፈለጋችሁ በቀር፣ በቋንቋችን ካልተማርን በሉ፤ ከፀሐይ በታች ካለ ሕዝብ ሁሉ ይልቅ ተፈጥሮን የካዳችሁ ለመሆን ካልፈለጋችሁ በቀር፣ ቋንቋችሁን ውደዱ፣ የሚወደውንም ውደዱ» ይላል። ሰውን ከእንስሳ የሚለየው ማስተዋሉና ንግግሩ ነው የሚለው ሐሳብ ሂዩማኒስቶች ከሲሴሮና ከሌሎች ጥንታውያን ደራስያን የወረሱት ነው። ሳልስበሪ ያንን ሐሳብ ወስዶ አንድ ደረጃ አሻገረው፤ ቋንቋው ዕውቀት የማይጻፍበት ሕዝብ ከሰውነት ክብር እንደሚጎድል አድርጎ አስጠነቀቀ። በዘመናችን አባባሉ ሲጠቀስ የቋንቋ ፍቅር ብቻ የሚሰማበት ጊዜ አለ፤ በእኔ አመለካከት ግን ክብደቱ ያረፈው «ትምህርት» በሚለው ቃል ላይ ነው፤ በመጀመሪያ ትምህርትን አዘዘ፣ ፍቅርን አስከትሎ ተናገረ።

ማስጠንቀቂያው ያለ ምክንያት አልመጣም። በ1536 የወጣው የእንግሊዝ ሕግ ዌልስን ከእንግሊዝ ጋር አንድ ሲያደርግ የፍርድ ቤቱ ቋንቋ እንግሊዝኛ እንዲሆን፣ ዌልስኛ ብቻ የሚናገርም ሹመት እንዳይዝ ደንግጎ ነበር። ዌልስ የራሷ ቤተ መንግሥት አልነበራትም፤ ዩኒቨርሲቲም እስከ 19ኛው መቶ ዘመን ድረስ አላገኘችም። ባለቅኔዎቹ የቋንቋውን ጥልቅ ዕውቀት ቢይዙም ከመምህር ወደ ደቀ መዝሙር ብቻ ያስተላልፉት ስለነበር፣ ሂዩማኒስቶቹ የፈሩት ቋንቋው በአንድ ቀን እንዳይሞት ሳይሆን ቀስ በቀስ የጓዳና የገበያ ብቻ ሆኖ እንዳይቀር ነበር።

ሳልስበሪ በዚያው መቅድም አንባቢዎቹን «በባዶ እግራችሁ ወደ ንጉሡና ወደ አማካሪዎቹ ሄዳችሁ ቅዱሳት መጻሕፍትን በቋንቋችሁ ለማግኘት ለምኑ» ብሏቸው ነበር። ከ16 ዓመት በኋላ፣ በ1563፣ ፓርላማው መጽሐፍ ቅዱስና የጸሎት መጽሐፉ ወደ ዌልስኛ እንዲተረጎሙ አዘዘ። ሕዝቡ እያስተያየ እንግሊዝኛ እንዲማርም የእንግሊዝኛው ቅጂ አጠገቡ እንዲቀመጥ አብሮ አዘዘ። በ1567 አዲስ ኪዳን ሲወጣ አብዛኛውን የተረጎመው ራሱ ሳልስበሪ ነበር። ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ ግን በዊልያም ሞርጋን ትርጉም በ1588 ታተመ፤ የባለቅኔዎቹን የጠራ ቋንቋ ለስድ ንባብ ያበቃና ዌልስኛን የጸና የጽሑፍ ቋንቋ ያደረገው እርሱ ነው።

የሳልስበሪ ትርጉም ለአንባቢ ከብዶ ነበር። የዌልስኛን ክብር በላቲን ዝምድናው ለማሳየት ሲል ብዙ ቃላትን እንደሚነገሩ ሳይሆን የላቲን ምንጫቸውን እንዲመስሉ አድርጎ ስለጻፋቸው፣ በቤተ ክርስቲያን ቆሞ የሚያነብ ሰው ይደናቀፍ ነበር፤ ሞርጋንም አብዛኛውን አስተካከለው። «የእርሱ» ወይም «የእርሷ» የሚለው ትንሽ ቃል ግን ከእርማቱ አመለጠ። «ኢ» ተብሎ የሚነገረውን ይህን ቃል ሳልስበሪ ላቲኑን «ኤዩስ» እንዲመስል «ኤይ» ብሎ ጽፎት ነበር፤ የዌልስ ልጆች ዛሬም በትምህርት ቤት «ኢ» እያሉ «ኤይ» ብለው ይጽፉታል።