በጠንካራ ውሃ በደንብ የሚያጥብ ሳሙና በቤት ውስጥ ስለመሥራት

ጠንካራ ውሃ የሚባለው የካልሲየምና የማግኒዚየም ጨው በብዛት የሟሟበት ውሃ ነው። መጠኑ በካልሲየም ካርቦኔት ሲሰላ በሊትር ከ120 ሚሊግራም በላይ የሆነው ጠንካራ፣ ከ180 በላይ የሆነው ደግሞ እጅግ ጠንካራ ተብሎ ይመደባል። ሳሙና ከዘይትና ከስብ የሚገኙት የፋቲ አሲዶች የሶዲየም ጨው በመሆኑ፣ እንዲህ ካለ ውሃ ጋር ሲገናኝ የሶዲየሙን ቦታ ካልሲየም ይይዝና በውሃ የማይሟሟ ነጭ ዝቃጭ ይፈጠራል። በልብስ ላይ የሚቀረው ግራጫነትና በገንዳ ዙሪያ የሚጋገረው እድፍ ከዚሁ ይመነጫሉ። አረፋ የሚነሳው ካልሲየሙና ማግኒዚየሙ በሳሙናው ተይዘው ካለቁ በኋላ ስለሆነ፣ ሳሙና መጨመር ብቻውን ዝቃጩን ከማብዛት በስተቀር መፍትሔ አይሆንም፤ መፍትሔው ከአሠራሩ መጀመር አለበት።

የመጀመሪያው ጉዳይ የዘይት ምርጫ ነው። ከኮኮናት ዘይት ግማሽ ያህሉ ሎሪክ አሲድ የተባለው ፋቲ አሲድ ሲሆን፣ ከእሱ የሚሠራው ሳሙና ከሌሎቹ ይበልጥ የሚሟሟ በመሆኑ በባሕር ውሃ እንኳ አረፋ ይሰጣል። ይሁን እንጂ ቆዳን የማድረቅ ጠባይ ስላለው ለገላ ሳሙና ከጠቅላላው ዘይት ከ25 እስከ 30 በመቶ ቢሆን ይበቃል። የወይራ ዘይትና የከብት ሞራ ለቆዳ የሚስማማ ሳሙና ቢሰጡም፣ ብቻቸውን ሲሆኑ በጠንካራ ውሃ ቶሎ ይዘቅጣሉ።

ከሁሉም በላይ ለውጥ የሚያመጣው ግን፣ በእኔ ግምት፣ ሲትሪክ አሲድ ነው። ዘይቱን ወደ ሳሙና ከሚለውጠው ከኮስቲክ ሶዳ (ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ፤ ከዚህ በታች ሶዳ የተባለው እሱ ነው) ጋር ተዋህዶ ሶዲየም ሲትሬት ይሆናል፤ ይህም ካልሲየሙን ይዞ ከሳሙናው ጋር እንዳይጣመር ያግዳል። የተለመደው መጠን ከዘይቱ ክብደት ከ1 እስከ 2 በመቶ ነው። አሲዱ ራሱ ሶዳ ስለሚበላ ስሌቱ መስተካከል አለበት፤ ውሃ አልባ ለሆነው 10 ግራም ሲትሪክ አሲድ 6.2 ግራም ያህል ተጨማሪ ሶዳ ያስፈልጋል። ለምሳሌ 300 ግራም የኮኮናት ዘይት፣ 500 ግራም የወይራ ዘይትና 200 ግራም ሞራ፣ 5 በመቶው ዘይት ሳይለወጥ እንዲቀር ሲታሰብ፣ 143 ግራም ያህል ሶዳ ይፈልጋሉ፤ 15 ግራም ሲትሪክ አሲድ ሲገባ ወደ 152 ግራም ከፍ ይላል። ይህ ጭማሪ ቢዘነጋ ያልተለወጠው ዘይት ወደ 11 በመቶ ይደርሳል፤ ሳሙናውም ይለሰልሳል፣ አረፋውም ይቀንሳል። ኢዲቲኤ የተባለው ኬሚካል ካልሲየምን የበለጠ አጥብቆ ይይዛል፤ ነገር ግን በተፈጥሮ በቀላሉ ስለማይበሰብስ ሲትሬቱን መምረጥ ይሻላል።

ሲትሪክ አሲዱ ሶዳው ከመግባቱ በፊት በውሃው ውስጥ ይሟሟል፤ ውሃውም የተጣራ (በትነት ከጨው የተለየ) ወይም ንጹሕ የዝናብ ውሃ ቢሆን ይመረጣል። ምንጊዜም ሶዳው ወደ ውሃው ይጨመራል እንጂ ውሃ በሶዳ ላይ አይፈስም። የዓይን መከላከያና ጓንት የግድ ናቸው፤ የአሉሚኒየም ዕቃም ከሶዳው ጋር ተዋህዶ ሃይድሮጅን ጋዝ ስለሚያወጣ መጠቀም አይገባም።

ለልብስ የሚሆነው ከኮኮናት ዘይት ብቻ ሊሠራ ይችላል፤ ያልተለወጠ ዘይት እንዲቀርበት አይፈለግም። በማጠቢያው ውሃ ላይ ሶዲየም ካርቦኔት ቀድሞ ቢሟሟ ካልሲየሙን ስለሚያዘቅጠው የሳሙና ፍጆታ ይቀንሳል፤ ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ግን ሳሙናው ቀድሞ ይባክናል።

የተቆረጠው ሳሙና ከ4 እስከ 6 ሳምንት ነፋስ በሚያገኘው ቦታ ከደረቀ በኋላ፣ እኩል ፍርፋሪ በሁለት ጠርሙስ፣ በአንዱ በቧንቧ ውሃ፣ በሌላው በተጣራ ውሃ ተበጥብጦ ይፈተናል። የቧንቧው ውሃ ከደፈረሰና አረፋው ቶሎ ከጠፋ፣ በሚቀጥለው ሥራ የሲትሪክ አሲዱ መጠን ወደ 2 በመቶ ከፍ ይደረጋል፤ ሶዳውም በዚያው ስሌት ይጨመራል።