የጀልባ ሞተር የነዳጅ ፖምፓ ሲግል፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ወሎ፣ ሐይቅ ከተማ ዳር ባለው ሐይቅ ላይ የጀልባ ሞተር ውሃው መሀል ቀጥ ሲል ዳር የቆመው ሁሉ መካኒክ ይሆናል። «ፖምፓው ግሏል፣ ቀይረው!» እኔም ሰምቼ ቀይሬያለሁ።

«ፖምፓው ከጋለ ተበላሽቷል»

አብዛኛውን ጊዜ ተርቦ ነው። የኤሌክትሪክ ፖምፓ የሚቀዘቅዘው በውስጡ በሚያልፈው ቤንዚን ነው። ቤንዚኑ ሲያንሰው መሽከርከሩን አያቆምም፤ ሙቀቱን የሚወስድለት ግን ያጣል። እኔ አዲሱን ገጥሜ ግማሽ ሰዓት ሳልሄድ ሞተሩ ጠፋ። ቱቦው መሀል ያለውን በእጅ የሚጨመቅ የጎማ ኳስ ሳየው ተጨምቆ እንደተጣለ ሎሚ ጠፍጥፏል። የሳልባትዮውን (የነዳጅ ታንከሩን) ክዳን ስከፍት ፍስስ ብሎ አየር ሳበ፤ ኳሱም ወዲያው ሞላ። ለካ ክዳኑ ላይ ያለችው የመተንፈሻ ብሎን ጥብቅ ብላ ተዘግታ ኖሯል! ነዳጁ ሲሳብ በምትኩ አየር ካልገባ ከየት ይምጣ? በሁለት ጣት የሚፈታ ነገር የአንድ ፖምፓ ዋጋ አስከፈለኝ።

ስለዚህ መጀመሪያ መተንፈሻውን፣ ከዚያ ፊልትሮውን፣ ከዚያ ቱቦውን እዩ። ከጀሪካን ጀሪካን ሲገለበጥ የከረመ ቤንዚን ውሃና ዝቃጭ አያጣም፤ ጥቂቱን ግልጽ ጠርሙስ ውስጥ ብታስቀምጡት ውሃው ከታች ይተኛል። ቱቦ ደግሞ አታላይ ነው። ከፖምፓው በፊት ያለ የላላ ማሰሪያ ሞተሩ ሲሠራ ቤንዚን ላያንጠባጥብ ይችላል፤ አየር ነው የሚስበው።

«አገሩ ደጋ ነው፣ ቤንዚን ቱቦ ውስጥ አይፈላም»

ደሴ ላይ ባቄላ የቀቀለ ሰው ይህን ማመን የለበትም። 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ሐይቅ ከተማ ከዚያ ዝቅ ቢልም 2,000 ሜትር ገደማ ነው፤ ቤንዚኑም ከባሕር ዳርቻ አገር ይልቅ ቶሎ ይተናል። ፖምፓው ሲስብ ደግሞ ቱቦው ውስጥ ያለው ግፊት ይበልጥ ይወርዳል። ፖምፓው ፈሳሽ እንጂ እንፋሎት መግፋት አይሆንለትም።

ምልክቱ ይታወቃል፤ ሲሄዱ ደህና ነበር፣ ሐይቁ ላይ ያለው እስጢፋኖስ ገዳም ዳር አስረው ትንሽ ቆይተው ሲመለሱ እምቢ ይላል። ሞተሩ ሲጠፋ የሚያቀዘቅዘው ውሃም ስለሚቆም የብረቱ ሙቀት ወደ ቱቦውና ወደ ፖምፓው ይዛመታል። የሞተሩን ሽፋን ከፍቶ ማናፈስና ኳሱ እስኪጠጥር መጭመቅ ይበቃል።

«እርጥብ ጨርቅ ጣል አድርግበት»

ሊያስነሳው ይችላል፤ ግን ራስ ምታትን በሻሽ እንደ ማሰር ነው። ይልቅ ሞተሩ በጎኑ የሚተፋውን ውሃ እዩ። ከቀጠነ የጋለው ሞተሩ ራሱ ነው፤ የውሃ መሳቢያው ላይ ሣር ተጠምጥሞ ወይም ውሃ የሚገፋው የጎማ መዘውር ተበልቶ ሊሆን ይችላል።

«የመኪና ፖምፓም ያው ነው»

እዚህ ላይ አልደራደርም። የቤንዚን ትነት ከአየር ይከብዳል፤ መኪና ሥር ነፋስ ይወስደዋል፣ ጀልባ ውስጥ ግን ወለሉ ላይ ይተኛል። የጀልባ ዕቃ ብልጭታው ትነቱን እንዳያቀጣጥል ሆኖ ነው የሚሠራው። ሳልባትዮ ውስጥ ተነክሮ እንዲሠራ የተበጀ የመኪና ፖምፓ ደግሞ ውጭ ሲገጠም ማቀዝቀዣውን ያጣል።

«ሽቦ ከዚህ ጋር ምን አገናኘው?»

የኤሌክትሪክ ፖምፓ ኃይል ካነሰው ቤንዚን በደንብ አይገፋም። ሞተሩ እየሠራ ፖምፓው ጋ በቴስተር ለኩ። ከባትሪው ከግማሽ ቮልት በላይ ካነሰ የዛገ ማገናኛ ፈልጉ።

ትንንሾቹ ሞተሮች ላይ ያለው ባለ ስስ ጎማ ፖምፓ ሽቦም የለው፤ ቢግል ሙቀቱ የሞተሩ ነው። የእሱ ጥፋት የሚታወቀው በሌላ ነው፦ ባለ አራት ምት ሞተር ከሆነ የዘይት መለኪያውን መዝዛችሁ አሽትቱ። ቤንዚን ቤንዚን ካለ ጎማው ተቀዶ ሊሆን ይችላል፤ ያኔ ፖምፓውን ፈታችሁ እዩት፣ ተቀዶ ካገኛችሁት ቀይሩት፣ ዘይቱንም አብራችሁ።